ተንደርበርድ፦ ኢሜይልን በተመሰጠረ መስመር ለማውረድ ምን ያህል ያስተማምናል?

ለቢሮ ኮምፒውተር የሚሆን ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ለሚፈልግ፣ የደብረ ብርሃን ነጋዴም ይሁን የመሃል ሜዳ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ መልሳችን ተንደርበርድ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም እ.ኤ.አ. በ2004 ከሞዚላ ወጣ፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ የወረደው ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቆይ ይነበባል። ዋናው ጥያቄ ግን ደብዳቤው ከሰርቨሩ (ኢሜይሉን ከሚያስቀምጠው የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር) እስከ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ሲጓዝ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ያነበዋል ወይ የሚለው ነው። በትክክል ከተስተካከለ አያነበውም።

አካውንት ሲከፈት ስም፣ አድራሻና የይለፍ ቃል ጠይቆ የቀረውን ራሱ ይፈልጋል። ለጂሜይልና ለመሰሎቹ የሚያገኘው ልክ ነው። በራስ ዶሜይን (በድርጅቱ ስም በተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ) ለሚሠራ የድርጅት ኢሜይል ግን በዓይን ሳያዩ አይለፉት። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ሰርቨር ሴቲንግስ»ን ሲከፍቱ «ኮኔክሽን ሴኪዩሪቲ» የሚል ቦታ አለ፤ ምርጫዎቹ «ነን» (ያለ ምስጠራ)፣ «ስታርትቲኤልኤስ» እና «ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ» ናቸው። ግንኙነቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመሰጥረውን የመጨረሻውን ይምረጡ። ፖርቱ (የግንኙነቱ በር ቁጥር) ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ለሚያቆየው አሠራር ለአይማፕ 993፣ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ ለሚያዛውረው ለፖፕ3 ደግሞ 995 መሆን አለበት። «ነን» ላይ ከተተወ ደብዳቤው በግልጽ ይጓዛል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሊጋለጥ ይችላል። የሆቴል ዋይፋይ አብሮ የሚጠቀም ሰው በቀላል ፕሮግራም ሊያየው ይችላል።

ስታርትቲኤልኤስ መጀመሪያ ሳይመሰጠር ሰላምታ ተለዋውጦ ከዚያ ወደ ምስጠራ የሚሻገር አሠራር ነው። አደጋው ያለው ከመሻገሩ በፊት ባለችው ቅጽበት ነው። ሽግግሩ ካልተሳካ ተንደርበርድ ግንኙነቱን ያቆማል እንጂ በግልጽ አይቀጥልም፤ ይህን እናመሰግንለታለን። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት በዚህ አሠራር ላይ፣ በተለያዩ ፕሮግራሞችና ሰርቨሮች፣ ከ40 በላይ ድክመቶች አግኝቷል። ተንደርበርድም ከተነኩት አንዱ ነበር፤ ኋላ ተስተካክሏል። ሰርቨሩ 993ን ከከፈተ በስታርትቲኤልኤስ የሚሠራውን 143ን የሚመርጡበት ምክንያት የለም። የመላኪያው ፖርትም አይረሳ፦ 465 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ጋር፣ 587 ከስታርትቲኤልኤስ ጋር። ሁለቱን አቀያይሮ መሙላት ደብዳቤ እየገባ መላክ እንዲያቅት ያደርጋል።

ለጂሜይል «አውቴንቲኬሽን ሜተድ» የሚለው ላይ «ኦአውዝ2» (የይለፍ ቃሉን በራሱ በጉግል ገጽ ላይ የሚያስገቡበት አሠራር) ይሁን። «ኖርማል ፓስወርድ» ከሆነ ትክክለኛው የይለፍ ቃል እንኳ ተቀባይነት አያገኝም።

ሰርተፍኬቱ (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) አይታመንም የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ኮምፒውተሩ ከፈረንጆቹ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። የሰርቨር ሰርተፍኬት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙውም የ90 ቀን ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሰርተፍኬቱን ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ያየዋል። ቀኑ ተስተካክሎም መብራት በጠፋ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ናት። እሷን መለወጥ ነው እንጂ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም አይፈይድም። ጠዋት ሁለት ሰዓትን 2፡00 ብሎ መሙላትም የ6 ሰዓት ልዩነት ያመጣል፤ ስልክ ላይ እንዲህ ከተደረገ የማረጋገጫ አፕ የሚያወጣው ባለ6 አኃዝ ኮድ አይሠራም።

ቀኑ ልክ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልሄደ የሰርቨሩን ስም ይመርምሩ። ሰርተፍኬቱ ሰርቨሩን በሚያከራየው የሆስቲንግ ኩባንያ ስም ወጥቶ ሳለ በድርጅቱ ዶሜይን ስም ከተሞላ አይገጥምም፤ ኩባንያውን ትክክለኛውን የሰርቨር ስም ጠይቆ መለወጥ ነው። ደብዳቤ የሚፈትሽ አንቲቫይረስም በመሐል ገብቶ የራሱን ሰርተፍኬት ስለሚያቀርብ ይህንኑ ስሕተት ያመጣል።

ትልቁ ነቀፋችን እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ «ኮንፈርም ሴኪዩሪቲ ኤክሴፕሽን» የሚል ቁልፍ አለ፤ «በቋሚነት ይቀመጥ» የሚለው ሳጥንም አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ሥራ የተጣደፈበት ሰው ይጫነዋል። በዚያች ሰዓት የቀረበው የአጭበርባሪ ሰርተፍኬት ከነበረ ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲያ ያለ ጥያቄ ያምነዋል። ለጀማሪ እንዲህ ቅርብ መሆን አልነበረበትም። የተጫነ ካለ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ማኔጅ ሰርቲፊኬትስ»ን ከፍተው «ሰርቨርስ» ከሚለው ክፍል ያጥፉት።

ሁለተኛው ነቀፋ ዳታ ነው። አይማፕ ላይ ፕሮግራሙ ሲጫን ጀምሮ ሁሉንም ደብዳቤ ከነአባሪው ለማውረድ የተዘጋጀ ነው። ዓለም ከተማ ወይም ሞላሌ ሆኖ በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ሰው ይህ ጥቅሉን ይጨርሰዋል። «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ገብቶ የመጨረሻዎቹን 30 ቀናት ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝና ለአንድ ደብዳቤ የመጠን ገደብ ማበጀት ይበቃል።

ምስጠራው የሚሸፍነው መንገዱን ብቻ ነው። የወረደው ደብዳቤ ዲስኩ ላይ ሳይመሰጠር ይቀመጣል፤ የተቀመጠውንም የይለፍ ቃል ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከሴቲንግስ ከፍቶ ያነበዋል። አንድ ኮምፒውተር ሦስት አራት ሠራተኛ በሚጋራበት ቢሮ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» (የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች የሚቆልፍ ዋና የይለፍ ቃል) ሳያበጁ የድርጅቱን አካውንት አይክፈቱበት።