ጀርመን ወይስ ጣሊያን? የተማሪ ወጪ ጎን ለጎን

እኔ ማስተርሴን የሠራሁት ላይፕዚግ ነው፣ ጀርመን። ታናሽ እህቴ ደግሞ ቦሎኛ ናት፣ ጣሊያን። የወጣነው ከአንድ ቤት ነው፣ የላከንም አንድ ኪስ ነው። ስለዚህ "የቱ ይሻላል?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ የምነግራችሁ እናታችን ጠረጴዛ ላይ የተሠራውን ሒሳብ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "በዓመት ስንት ይፈጃል?" ብሎ ነው። እኛን ግን እንቅልፍ የነሳን ዓመቱ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ናቸው።

ከቪዛው እንጀምር። ጀርመን ብሎክድ አካውንት ትጠይቃለች፣ ማለትም የዓመት መኖሪያችሁ ቀድሞ የሚገባበት ዝግ የባንክ ሒሳብ። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። እዚያ ስትደርሱ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። አሳይታችሁ የምትመልሱት ገንዘብ አይደለም፣ ገብቶ የሚቀመጥ ነው። ቪዛው ከተከለከለ ይመለሳል፣ እስከዚያ ግን ታስሮ ይቆያል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ይህ ድምር ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ፣ ዩሮውም አብሮት ሄደ፣ በብር ሲቆጥብ የኖረ ሰው ቁጠባው ዓይኑ እያየ ሟሟ። ስለዚህ ብሎክድ አካውንት በአንድ ሰው አይሞላም። አጎት አለ፣ አሜሪካ ያለች የአክስት ልጅ አለች፣ የእናት ዕቁብ አለ። ማን ስንት እንደሰጠ በወረቀት ጻፉት። 992ቱ በየወሩ ሲገባ ደሞዝ ይመስላል፣ ዕዳ መሆኑ ይረሳል።

ጣሊያን የምትጠይቀው ያነሰ ነው፣ ለአንድ ዓመት ወደ 7,000 ዩሮ ገደማ። በባንክ ስቴትመንት ታሳያላችሁ እንጂ አይታሰርባችሁም። የጣሊያን ትልቁ ነገር ግን ቪዛው አይደለም፣ ዲኤስዩ የሚባለው የክልል ስኮላርሺፕ ነው። የሚሰጠው በውጤት ብልጫ ሳይሆን በቤተሰብ አቅም ነው። ከቤቱ ርቆ ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ በዓመት ወደ 7,000 ዩሮ ይደርሳል። የዩኒቨርሲቲ ክፍያም አይከፈልም። ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ሒሳብ ለምትማር ሴት ደግሞ 20 በመቶ ይጨመርላታል። እህቶቻችን ይህንን ስለማያውቁ ሲያልፋቸው በጣም ይቆጨኛል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ጣሊያን "በተለይ ድሃ" ብላ የምትዘረዝራቸው አገሮች አሉ፣ ኢትዮጵያም አለችበት። ስያሜው ያስከፋል። ግን ከእነዚህ አገሮች ለሚመጣ ተማሪ የቤተሰቡ አቅም ከጣሊያን ኤምባሲ በሚሰጥ ማረጋገጫ የሚታይበት አሠራር አለ። የምታመለክቱበትን ክልል ማስታወቂያ፣ ባንዶ የሚሉትን፣ ስታነቡ ያንን አንቀጽ ፈልጉት።

አሁን አራቱን ወራት እናስላ።

ላይፕዚግ። ዶርም 290 ዩሮ፣ ዲፖዚት 600፣ የጤና ኢንሹራንስ በወር 145፣ የሴሚስተር መዋጮ 250፣ የመኖሪያ ፈቃድ 100፣ እየቆጠቡ ለምግብ 190 እንበል። የመጀመሪያው ወር ብቻ 1,575 ዩሮ ይሆናል። የሚለቀቅላችሁ 992 ነው። ወደ 580 ይጎድላል። አራቱ ወራት ሲደመሩ ግን 3,450 ነው፣ የተለቀቀላችሁ ደግሞ 3,968። ጀርመን የምታስጨንቀው በመጀመሪያው ወር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ትንፋሽ ይመጣል። ከብሎክድ አካውንቱ ውጪ ቢያንስ 800 ዩሮ ይዛችሁ ውጡ።

ቦሎኛ። አንድ ክፍል 500፣ ዲፖዚት የሁለት ወር 1,000፣ ምግብ 180፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ከነቴምብሩና ከነፖስታው 120 ገደማ። አራት ወር 3,840 ዩሮ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚገባላችሁ ስንት ነው? ምናልባት ምንም። የዲኤስዩ የመጀመሪያ ግማሽ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዲሴምበር ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። ትምህርት ደግሞ በሴፕቴምበር ይጀመራል። እህቴ ጋ የደረሰው ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነበር። እስከዚያ ኪራይዋን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ካፌ እየሠራሁ። እኔ ባልኖር ኖሮ ያንን ክረምት እንዴት እንደምታልፈው አሁንም አላውቅም።

ዓመቱን ስታዩት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በእነዚሁ ቁጥሮች ላይፕዚግ ከዲፖዚቱ ውጪ በዓመት ወደ 8,100 ዩሮ ይፈጃል፣ ሁሉም ከኪሳችሁ። ቦሎኛ ከ700 ዩሮ የጤና መዋጮ ጋር ወደ 9,000 ይጠጋል፣ ዲኤስዩ ካገኛችሁ ግን ከኪሳችሁ የሚወጣው 2,000 ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው! ስልክ፣ ልብስና ጃኬት አልቆጠርኩም፣ ሁለቱም ጋ ያው ነው።

ግን ዲኤስዩ ሁኔታ አለው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያገኘው እስከ ኦገስት 10 ድረስ 20 ክሬዲት ከያዘ ነው። እስከ ኖቬምበር 30 ካልሞላ ስኮላርሺፑ ይሰረዛል፣ የወሰደውንም ይመልሳል። ሌላው ደግሞ ቤቱ ነው። ከቤቱ ርቆ እንደሚማር ሰው ሙሉውን ለማግኘት ቢያንስ የ10 ወር የኪራይ ውል ያስፈልጋል፣ ሕጋዊና የተመዘገበ። እህቴ መጀመሪያ ያገኘችው አከራይ ዋጋው ጥሩ ነበር፣ ውሉን ግን አላስመዘግብም አለ። ትታው ወጣች። ሌላ እስክታገኝ ስድስት ሳምንት ሰው ቤት ሶፋ ላይ ተኛች። ያኔ ተናድጄባት ነበር፣ ትክክል የነበረችው ግን እሷ ናት።

ከተማ መምረጥ አገር ከመምረጥ አያንስም። ሙኒክ በጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል 800 ዩሮ ይደርሳል፣ ኬምኒትዝ ግን በ300 አካባቢ ይገኛል። ሚላኖ 600 እና 700 ይጠይቃል፣ ደቡብ ወርዳችሁ ፓሌርሞ ግን ግማሹ ነው። ከኮዜንሳ አጠገብ ያለው የካላብሪያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ግቢው ውስጥ ብዙ ዶርም አለው። ጀርመን የኪራይ ማስታወቂያ ላይ "ካልት" ካለ ማሞቂያው አልተካተተም፣ "ቫርም" ካለ ተካቷል። መቶ ዩሮና ከዚያ በላይ ይለያያል። ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው ሲባልም ሁሉም ጋ አይደለም። ባደን ቩርተምበርግ ክልል ውስጥ፣ ሃይደልበርግና ሽቱትጋርት ያሉበት ማለት ነው፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ጀምሮ ያስከፍላል።

ዕድሜያችሁ 30 ከሞላ ይህንን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ጀርመን የተማሪ ኢንሹራንስ ቅናሽ በ30 ዓመት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ወርሃዊ ክፍያ በጣም ይከብዳል። ከአገራችን ለማስተርስ የሚወጣው ሰው ብዙው ሥራ ላይ ቆይቶ ስለሆነ ይህ ብዙ ሰው ይነካል። ከ30 በታች ሆናችሁም ርካሽ ስለሆነ ብቻ የግሉን አትምረጡ። አንዴ ከመንግሥታዊው ነፃ ከተባላችሁ በትምህርት ላይ እያላችሁ መመለስ የለም። ጣሊያን ለተማሪ የሕዝብ ጤና መዋጮው በዓመት 700 ዩሮ ነው፣ ዕድሜ አይለይም። የሚቆጠረው ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በኦክቶበር ደርሳችሁ ብትከፍሉ ለሦስት ወር ነው የከፈላችሁት። እስከ ጃንዋሪ ርካሽ የግል ኢንሹራንስ ይበቃል።

ሥራ ላይ ጀርመን በግልጽ ትበልጣለች። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 13.90 ዩሮ ነው። በጀርመንኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ብቻ የምትሠሩበት መጋዘንም አይጠፋም። ጣሊያን በሳምንት 20 ሰዓት ይፈቀዳል፣ ግን በአገር ደረጃ የተደነገገ ዝቅተኛ ክፍያ የለም፣ ያለ ጣሊያንኛም በሩ ጠባብ ነው።

ምግብ? ሽሮና በርበሬ ከቤት ያዙ። ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፣ ከአውሮፓ ውጪ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ አይገባም፣ እናታችሁ የለፋችበትን ጉምሩክ ላይ ትጥሉታላችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ 11,904ቱን ያለ ብዙ ብድር መሙላት የሚችልና ከ30 በታች የሆነ ሰው ጀርመን ይሂድ፣ ወሩ ሲደርስ ገንዘቡ መግባቱ ብቻውን ሰላም ነው። ቤተሰቡ ያንን የማይችል፣ ግን አራት ወር የሚያሻግረው 4,000 ዩሮ በእጁ ያለ ወይም የሚልክለት ሰው ያለው፣ ጣሊያን ይሂድ። አራቱን ወር ሳይዝ ግን አይሂድ። "ዲኤስዩ አለ" ተብሎ 1,000 ዩሮ ይዞ የሄደ ልጅ አውቃለሁ፣ በኖቬምበር ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄደ።

ጣሊያንን ከመረጣችሁ ባንዶው ብዙ ክልሎች ጋ በጁላይ አካባቢ ይወጣል፣ ቀነ ገደቡም አይጠብቅም። ቪዛ እስኪመጣ አትቀመጡ። እህቴ ማመልከቻዋን የላከችው ፓስፖርቷ ገና ኤምባሲ እያለ ነው።