ምስጋና ለልጄ መምህርት፣ ጥቆማ ደግሞ ለትምህርት ቤቶች

ምስጋና ሲዘገይ ደስ አይልምና ትምህርት ሳይዘጋ ይህን ልጻፍ። ላመሰግን የፈለግኩት የልጄን የሒሳብና የሳይንስ መምህርት ነው። ስማቸውን የማልጠራው ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው፤ «እኔን ይተዉኝና ስለ ሥራው ይጻፉ» አሉኝ። እሺ፣ ስለ ሥራው።

መምህርቷ አየሩ በፈቀደ ቁጥር ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ግቢው ይወጣሉ። የሚወጡት ለዕረፍት እንዳይመስላችሁ፤ ትምህርቱ የሚካሄደው እዚያው ደጅ ነው። ልጆቹ ሲወጡ ተጨማሪ አዋቂ ስለሚያስፈልግ ወላጆች በተራ እናግዛለን፤ ስለዚህ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። የዕለቱ ሥራ የአንድን ዛፍ ቁመት ሳይወጡበት መለካት ነበር። አንድ ሜትር የሆነ እንጨት ቀጥ አድርጎ መትከል፣ የእንጨቱን ጥላ መለካት፣ የዛፉን ጥላ መለካት፣ ከዚያ ማካፈል። የመጀመሪያው ቡድን የእንጨቱን ጥላ 80 ሴንቲሜትር፣ የዛፉን 6 ሜትር ከ40 ሆኖ አገኘውና «8 ሜትር!» አለ። ሁለተኛው ቡድን እንጨቱን እኩል ለክቶ ነበር፤ ዛፉ ጋ ሲደርስ ግን የጉንዳን ሰልፍ አገኘና እሱን ሲያይ ቆየ። ዘግይቶ የለካው የዛፍ ጥላ 5 ሜትር ከ60 ሆነ፤ ለ80 ሴንቲሜትር ሲያካፍሉት 7 ሜትር። ጭቅጭቁ ተጀመረ። መምህርቷ ማን እንደተሳሳተ አልተናገሩም። «ታዲያ ዛፉ አንድ ሜትር አጠረ?» አሉና ዝም አሉ። ልጆቹ ሜትሩን ደጋግመው ዘረጉ፣ እርስ በርስ ተካሰሱ። በመጨረሻ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ ተመልሳ የእንጨቱን ጥላ ለካችው። 70 ሴንቲሜትር ሆኗል! ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሁለቱም ጥላዎች አብረው አጥረዋል። 5 ሜትር ከ60 ለ70 ሴንቲሜትር ሲካፈል ያው 8 ሜትር። ጥምርታን በሰሌዳ ላይ ተምረን ለፈተና ሸምድደን በማግስቱ የረሳን ወላጆች ቆመን ተያየን።

ጥቅሙ ከሒሳብም ያልፋል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የዓይን ጉዳይ ነው። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ ልጆች መካከል ማዮፒያ፣ ማለትም ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የጀመራቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው ከተማሩት መካከል ግን 39.5 በመቶ ነበሩ። ዋናው ነገር ብርሃኑ ነው ተብሎ ይታመናል። የክፍል ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይዘልም፤ ደጅ ግን ዛፍ ሥር እንኳ በሺዎች ይቆጠራል። ደማቅ ብርሃን ሬቲና የሚባለው የዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የዓይን ኳስ ከልክ በላይ እንዳይረዝም ያግዛል ይባላል። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ልጆች በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲውሉ ትምህርት ቤቶቿን ስትገፋፋ የቆየችው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ግን አይምታታ፤ መነጽር ላይ የደረሰን ልጅ ደጅ መዋል አይመልሰውም። የሚጠቅመው ቀድሞ ለመከላከል ነው።

«አንዴ ከወጡ በኋላ ማን ይይዛቸዋል?» የሚል መምህር አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ በሦስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የተገላቢጦሹን ነው ያገኘው። ልጆቹ ተፈጥሮ መካከል ተምረው ሲመለሱ፣ መምህሩ ትምህርቱን አቋርጦ «ዝም በሉ፣ ተቀመጡ» የሚልበት ጊዜ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እኔ ካየሁት ጋር ግን ይገጥማል። «የዘመኑ ፋሽን ነው» ለሚሉም፣ በርሊን አጠገብ ሻርሎተንበርግ ላይ ጤናቸው ደካማ ለሆነ ልጆች የጫካ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው።

ችግሩስ? ሞልቷል። መምህርቷን ለጥቆማ ያበቃቸውም ችግሩን የሚይዙበት መንገድ ነው። ደጅ ግድግዳ ስለሌለ ድምፅ ይበተናል፤ እሳቸው መመሪያውን ክፍል ውስጥ ጨርሰው ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ፊሽካ ብቻ ነው። ልጆቹን ፀሐዩን ለጀርባቸው ሰጥተው ያስቀምጧቸዋል፤ ዓይናቸውን የሚያጨናብሱት እሳቸው ናቸው። ወረቀት በንፋስ እንዳይበር እያንዳንዱ ልጅ መቆንጠጫ ያለው ካርቶን ይይዛል። ሲወጡ ይቆጠራሉ፣ ሲደርሱ ይቆጠራሉ፣ ሲመለሱ ይቆጠራሉ። ንብ ከነደፈው ሰውነቱ ክፉኛ የሚቆጣ ልጅ ስላለ መድኃኒቱ ከቦርሳቸው አይለይም፤ የምናግዝ ወላጆችም በየትኛው ኪስ እንዳለ ሳናውቅ አንወጣም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ተማሪ አላቸው። ያ ዛፍ የተመረጠው ወንበሩን ይዞ እስከ ግንዱ መድረስ ስለሚቻል ነው፤ ከእሱ የሚያምር ዛፍ ከደረጃው በላይ ነበር፣ ተተወ።

እሳቸውም የማይፈቱት ነገር አለ። ወጥቶ መመለሱ ብቻ ከክፍለ ጊዜው ይቆርሳል፤ የመማሪያ መጽሐፉ ደግሞ እስከ ፈተና ድረስ ማለቅ አለበት። ዝግጅቱን የሚሠሩት በራሳቸው ጊዜ ነው፣ ማንም አይከፍላቸውም፤ ይህ በግሌ ያናድደኛል። በጭቃ የተለወሰ ዩኒፎርም ማጠብ የሰለቸው ወላጅ ቢያማርርም አልፈርድበትም። ደግሞ መምህርቷ ሁሉን ነገር ደጅ እናስተምር የሚሉ ሰው አይደሉም። ረጅም ምንባብና የጽሑፍ መልመጃ ጠረጴዛ ይፈልጋል ባይ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ።

ልጄ ቀድሞ በነበረበት ትምህርት ቤት የመስክ ትምህርት ማለት በዓመት አንዴ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልግ ትምህርት ቤት እኚህን መምህርት ባይጠራቸው ይሻላል፤ ከፎቶው በፊት የሁለተኛውን አዋቂ ስም፣ የወላጆችን የፈቃድ ፊርማና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ይጠይቃሉ። መምህራኑን በእውነት ማሠልጠን ለሚፈልግ ግን ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማቸዋለሁ። አንድ ትምህርት አብረው አስተምረው ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው፤ ለመጀመር ጫካ አያስፈልግም፣ አንድ ዛፍና የተወሰነ ሣር ያለው ግቢ ይበቃል ይላሉ።

የግቢውን አትክልተኛም ሳላመሰግን አላልፍም። ልጆቹ በገመድ አንድ ካሬ ሜትር እየከለሉ የዕፅዋት ዓይነት እንዲቆጥሩበት ብለው የአጥሩን ጥግ ሳያጭዱ ትተውላቸዋል፤ «ግቢው ተዝረከረከ» የሚል ወቀሳ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። ለሁለቱም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። መምህርቷን ማግኘት የምትፈልጉ ትምህርት ቤቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የክፍሉን ደረጃና የተማሪዎቹን ብዛት አብራችሁ ግለጹ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።