ያገለገለ ቦክስተር ወይስ ያገለገለ ሚያታ?

አሜሪካ ውስጥ ጣሪያው የሚከፈት ያገለገለ የስፖርት መኪና የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ ማገላበጥ ሲጀምር ሁለት መኪኖች ደጋግመው ይመጡበታል። አንደኛው የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 ያለው ሞዴል። ሁለተኛው ከ1999 እስከ 2005 የተሸጠው የማዝዳ ሚያታ ሁለተኛ ትውልድ ነው። ሁለቱም የሚይዙት ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የሚነዳቸው የኋላ ጎማቸው ነው። ዋጋቸው ተቀራርቦ ሲገኝ ደግሞ «ፖርሽ በማዝዳ ዋጋ ተገኘ!» ብሎ የማይቸኩል ጥቂት ነው። እኔም ቸኩዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና አይቼ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ቦክስተር የሚገዛው በደረሰኙ ነው፤ ሚያታ የሚገዛው በላሜራው ነው።

የቦክስተርን ነገር ከሞተሩ እንጀምር። በሞተሩ ውስጥ ክራንክ ዘንጉን ከካምሻፍቶቹ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሚከፍቱት ዘንጎች ጋር የሚያገናኝ መካከለኛ ዘንግ አለ። የዚህ ዘንግ ኩሽኔታ ከተሰበረ የሞተሩ ቅንብር ይፋለስና ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ደህና ሲሄድ የነበረ ሞተር በአፍታ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ስላላቸው የተሻለ ይቋቋማሉ። በኋላ የተተካው ባለ አንድ ረድፉ ደካማ ነው፤ የ2001–2005 ሞዴሎችን በሚመለከት አሜሪካ ውስጥ የጋራ ክስ እስከ መመሥረት ተደርሶ ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። አብዛኞቹ መኪኖች ይህ ሳይደርስባቸው ዘመናቸውን ይጨርሳሉ። ሆኖም የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነውና ገዢውን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው።

ኩሽኔታው የሚገኘው ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ከወረዱ በኋላ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር ኩሽኔታውንም አብሮ ያስቀይራል። ሻጩን «ፍሪሲዮኑ መቼ ተቀየረ? ኩሽኔታውስ?» ብለው ይጠይቁ። በቃል «ተቀይሯል» ካለዎትና ወረቀት ከሌለው፣ አልተቀየረም ብለው ሂሳብዎን ይሥሩ። ለመግዛት ከወሰኑም መካኒኩ የዘይት ፊልትሮውን እንዲያወጣና የወረቀቱን እጥፋት አንድ በአንድ እንዲገልጥ ያድርጉ። በእጥፋቱ መካከል የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ መኪናውን እዚያው ትተው ይሂዱ።

ሜሪላንድ ውስጥ ያየሁት ብርማ ቦክስተር አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። ቀለሙ ያንጸባርቃል፣ ወንበሩ ቅባት የጠጣ ቆዳ ነው። ለጠዋት የተቀጠርነው ሞተሩን በብርዱ ሳለ እንዳስነሳው ነበር፤ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በእጄ ብነካው ይፋጃል። ሻጩ ቀደም ብሎ አስነስቶት ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ፤ የዚህ መኪና ሞተር ከመቀመጫዎቹ ኋላ ተቀብሮ ስለሚቀመጥ እንደ ሌላው መኪና ኮፈን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ማድመጥና ጭሱን ማየት ከቀሩን ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው። እንደ ተነሳ ትንሽ ጭስ ብቅ ብሎ ቢጠፋ አያስደነግጥም፤ ነጭ ጭስ አገር ምድሩን ሸፍኖ አልቆም ካለ ግን ዘይትን ከአየር የሚለየው ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ነው።

እጄን ከሹፌሩ ወንበር ሥር ሰድጄ ምንጣፉን ብዳብስ ርጥብ ነው። የጣሪያው ውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቅጠል ሲደፈኑ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የመኪናውን ቁልፍ የሚለየው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ወንበር ሥር ነው። እሱ ከራሰ መኪናው ቁልፉን አላውቅም ይላል። እጀታውን ሲስቡ የበሩ መስታወት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ የዚያ መኪና መስታወት አልተነቃነቀም። አመስግኜ ተመለስኩ።

ወደ ሚያታ ስንመጣ ሞተሩ ይህን ያህል አያስጨንቅም። ባለ 1.8 ሊትር፣ 140 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ቀላል ሞተር ነው፤ ኮፈኑን ሲከፍቱ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። በ60,000 ማይል የሚቀየር፣ የሞተሩን ቅንብር የሚጠብቅ የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ መቀየሩን ይጠይቁ። ከዚህ በቀር ሚያታን የሚገድለው ዝገት ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ይልቁንም ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አይምረውም። ከኋላ ጎማው ፊት፣ ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ በአውራ ጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት፤ ቀለሙ አብጦ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ከዚያ መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርገው ከሞተሩ ሥር ወደ ፊት የሚሄዱትን የሻንሲ ብረቶች ይመልከቱ። እነሱ ከተበሉ መኪናው በአደጋ ጊዜ አያድንዎትም፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አይግዙት።

የሚያታም ጣሪያ ውኃ መውረጃ አለው። አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ይሂዱና ከመቀመጫው ኋላ ባለው ቀዳዳ ቀስ አድርገው ያፍሱ። ውኃው ከኋላ ጎማው ፊት መሬት ላይ ካልወረደ ላሜራው ውስጥ ተጠራቅሞ እያዛገው ነው። ይህን ሳደርግ ፊቱ የተለዋወጠ ሻጭ አጋጥሞኛል።

የዕለት ወጪን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቦክስተር ዘይት ሲቀየርለት 8 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ሚያታ ግማሹን። የሚያታ አራቱ ጎማዎች አንድ ልክ ናቸው፤ የቦክስተር የኋላዎቹ ከፊቶቹ ስለሚሰፉ አዘዋውሮ ማሠራት አይቻልም። የፊት ራዲያተሮቹም በቅጠልና በቆሻሻ ስለሚሞሉ መጽዳት አለባቸው።

በመንገድ ላይ ግን ቦክስተርን መካድ አልችልም። የመጀመሪያው ባለ 2.5 ሊትር 201 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከ2000 ጀምሮ የመጣው ቦክስተር ኤስ 250 ደርሷል። ሞተሩ መሐል ላይ ስለሆነ ኩርባ ላይ እንደ ተተከለ ይዞራል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ ቦታ ስላለው ለረጅም ጉዞ ይመቻል። ሚያታ 1,100 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በ40 ማይል ፍጥነት እንኳ የመኪና መንዳት ደስታ ታሳያለች፤ በአውራ ጎዳና ላይ ግን ጩኸቱ ያደክማል። ቁመትዎ ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ ሳይቀመጡባት ገንዘብ አይክፈሉ፤ ጉልበትዎ ከመሪው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ሌላ መኪና ያለው፣ ደረሰኙ የተሟላ ቦክስተር ያገኘ፣ ከዋጋውም ሌላ ለፍሪሲዮንና ለኩሽኔታ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀመጠ ሰው ቦክስተሩን ይግዛ፤ አይቆጭም። ባለው ገንዘብ ሁሉ መኪናውን ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ዝገት ያልነካው ሚያታ ይፈልግ። እኔ እንደዚያ ነበርኩና ከደቡብ የመጣ የ2003 ሚያታ ገዛሁ። የጠርሙሱ ውኃ ወዲያው መሬት ወረደ። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱ ስላላወቀ የመቀየሪያውን ሂሳብ ከዋጋው ቀነሰልኝ፤ በዚያው ሳምንት አስቀየርኩት።