ኢንተርኔት ቢጠፋም የማይቆም ፓምፕ፦ ሆም አሲስታንት በራስፕቤሪ ፓይ፣ ከወራት በኋላ

ቤታችን አምፖሉን፣ መጋረጃውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዘው ሆም አሲስታንት የሚባል ፕሮግራም ነው፣ የሚሠራውም ራስፕቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለ አምፖሎቹ የምለው ብዙ የለኝም። ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። የሳሎኑን መጋረጃ በስልክ መክፈት ይቻላል፤ ለእንግዳ አሳይተን ረስተነዋል። ይህን የምጽፈው በውሃ ፓምፑ ምክንያት ነው።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። መስመሩ ምድር ላይ ያለውን ታንከር ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚያወጣው ፓምፑ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ያበራል፣ ሲሞላም ተነስቶ ያጠፋል። እንቅልፍ ከጣለው ሮቶው ይፈስና ጠዋት ጎረቤት ያንኳኳል። ባለፈው ክረምት ኢንተርኔት ለቀናት በጠፋበት ሰሞን ውሃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ማንም አልተነሳም። ጠዋት ሮቶው ሙሉ ነበር፣ ፓምፑም ጠፍቷል።

ምኑ ይገርማል ለሚል፣ ከዚህ በፊት የነበረንን ልንገረው። በስልክ አፕ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። አዝራሩን ስትጫን ትእዛዙ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ዘንድ ደርሶ ነው ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው ፓምፕ የሚመለሰው። ኢንተርኔት ከሌለ ፓምፑም የለም። የሸጠልኝ ሰው መልሱ «ኔትወርክህን አስተካክል» ነበር። ወንድሜ፣ ኔትወርኩ የኔ ቢሆን ኖሮ አስተካክለው ነበር!

ሆም አሲስታንት ሁሉን ነገር የሚወስነው ቤት ውስጥ ነው። ፖውሉስ ስኮውትሰን የሚባል ሰው በ2013 እ.ኤ.አ. በፓይተን ጀመረው፣ በነጻ የሚጫን ነው፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኦፕን ሆም ፋውንዴሽን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይዞታል። እኔ የጫንኩት እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ባመጣችልኝ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ ነው። ኦፕንሃብ የሚባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራምም ሞክሬ ነበር። በጃቫ የሚሠራ ነው፣ መጥፎ አይደለም፤ ግን መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር እስኪነሳ መጠበቁ አሰለቸኝ።

ፓምፑ ጋ ኢኤስፒ32 የሚባል ትንሽ ቦርድ አለ፣ ከሆም አሲስታንት ጋር የሚያገናኘው ኢኤስፒሆም የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበታል። ከላይኛው ሮቶና ከታችኛው ታንከር የመጡ ውሃው መሙላቱንና ማለቁን የሚያሳውቁ ሁለት ተንሳፋፊዎች ይገቡበታል። ከፓዩ ጋር የሚነጋገረው በቤቱ ዋይፋይ ነው፣ እሱ ደግሞ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ሲስቅብኝ ይታየኛል። «ለዚህ ሁሉ ኮምፒውተር? ሁለት ተንሳፋፊና አንድ ኮንታክተር (ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ይበቃህ ነበር።» ለመሙላት ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። ግን ተንሳፋፊ ቮልቴጅ አያውቅም። ሰፈራችን 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ምሽት ላይ 170 ገደማ ሲወርድ አይቻለሁ። ፓምፕ በዚያ ቮልቴጅ ያንኑ ውሃ ልግፋ ሲል የሚስበው ከረንት ይጨምራል፣ ጥቅልሉ ይግላል፣ መጨረሻው ጥምጠማ ቤት ነው። ፒዜም 004ቲ የምትባል ርካሽ መለኪያ ከቦርዱ ጋር አገናኘሁና ደንብ አወጣሁ፦ ከ195 ቮልት በታች ፓምፑ አይነሳም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ልክ ሲመጣ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ አብሮ ነው የሚነሳው። ታንከሩ በፈረቃው ቀን ባዶ ካደረ ደግሞ ጠዋት ስልኬ ላይ ይነግረኛል፣ ቦቴ ለመጥራት ጊዜ አገኛለሁ። ኮንታክተርህ ይህን ሲያደርግ ጥራኝና ልይ።

የሚያናድደው ፓዩ የሚነሳበት ሜሞሪ ካርድ ነው። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን መለኪያ ታሪክ በየአምስት ሴኮንዱ ይጽፋል፤ ካልከለከሉት የአሥር ቀን ያስቀምጣል። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድስ? የመጀመሪያው ካርድ እንዲያ ሆኖ ሞተ፣ ቤቱም ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ ባልዲ ተመለሰ። «በካርድ ጫኑት» እያሉ የሚያስተምሩት መብራት የማይጠፋበት አገር የሚኖሩ መሆን አለባቸው። አሁን የሚነሳው በዩኤስቢ ከተሰካ ኤስኤስዲ (ከካርድ የሚጠነክር ዲስክ) ነው፣ ራውተሩና ፓዩ በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በሚያቆይ ባትሪ) ላይ ናቸው፣ ምትኬው በየሌሊቱ ወደ ላፕቶፔ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። ግን የኤስኤስዲውና የዩፒኤሱ ዋጋ ሲደመር ከፓዩ ዋጋ አለፈ፤ ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው የለም።

ማሻሻያ በየወሩ ይወጣል። አንዳንዱ የጻፍከውን ደንብ ያበላሻል፣ ስለዚህ በፈረቃ ሰሞን አልነካውም።

ይገዛ ወይ ለምትሉኝ፦ አዎ፣ ዓይኔን አላሽም። አምፖልና መጋረጃ ለማብራትና ለመክፈት ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አስቀምጡ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ፓምፕ ካላችሁ በኤስኤስዲው ጀምሩ። ሣሪስ ያሉት የባለቤቴ እናት ሰምተው ለእሳቸውም እንድገጥምላቸው ጠይቀውኛል። እሳቸው ቤት ምድር ላይ ታንከር ስለሌለ መጀመሪያ እሱ ይገዛ ብያለሁ፣ ዋጋውን እያጠያየቅን ነው።