ታይዋን ገበያ ውስጥ ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤት፦ ከመቀየሩ በፊት የሚለካ ባለሙያ

ድሬዳዋ ውስጥ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ አዲስ ዕቃ ከተገጠመለት በኋላ ይብስ የተንቀራፈፈበት ሰው ካለ፣ ሌላ ዕቃ ለመግዛት ከመነሳቱ በፊት ታይዋን ገበያ ወዳለችው ጥገና ቤት ይውሰደው። ሰሌዳ አልተሰቀለባትም። የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ከሚሸጡት ሱቆች ጀርባ፣ በሯ ላይ አሮጌ ኬዞች ተደራርበው የሚታዩባት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ብቻውን ይሠራል፤ ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጽፈውም።

እኔ ከዚራ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ነው ሥራዬ። ደንበኛዬ አጠገቤ ቆሞ ነው የሚያጽፈኝ፤ ብዙዎቹም ወረቀቱን ይዘው ቢሮ ሳይዘጋ ለመድረስ የሚጣደፉ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ የእኔ ገቢ ብቻ ሳይሆን የሰው ጉዳይ ያድራል።

ማሽኑ ኢንቴል ኮር አይ 5 3470 ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል) ያለው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ የሆነ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ለጽሕፈት ግን ዛሬም ከበቂ በላይ ነው። መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ሰሌዳ) ተቃጠለ። ሌላ ቦታ ያለ ጠጋኝ ማዘርቦርዱን ቀየረው፤ በዚያው አጋጣሚ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በሚፈጥን የፋይል ማከማቻ) ተካ፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደገ። ወጪው ቀላል አልነበረም።

ሲከፈት እንደ መብረቅ ይከፈታል። ጥቂት ከሠራሁበት በኋላ ግን የምጽፈው ፊደል ከጣቴ ኋላ ቀርቶ ይመጣል፤ ስካን ያደረግሁት ገጽ መሃል ላይ ይቆማል፤ ፋይል ወደ ፍላሽ ስገለብጥ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። መጀመሪያ ላይ ጠጋኙ ያለኝ እውነት ነበር፦ ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን ለተወሰኑ ሰዓታት ማሻሻያዎችን እያወረደ፣ ፋይሎችን እየመዘገበ ስለሚቆይ መዘግየቱ የተለመደ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ «እንደገና ፎርማት እናድርገው» አለ፤ አደረገው፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ሌላ ኮምፒውተር ይግዙ» ሲለኝ ማሽኑን በባጃጅ ጭኜ ወደ ታይዋን ሄድሁ።

የወጣቱ አሠራር ከመጀመሪያው ደቂቃ ይለያል። ካቻቪቴ አላነሳም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ «እትዬ፣ እንደወትሮዎ ይሥሩበት» አለኝና ከጀርባዬ ቆሞ ተመለከተ። መዘግየቱ ሲጀምር የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ጣቱን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈ። ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ተጠምዷል፤ ፍጥነቱ ግን 1.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። «3.2 መሆን ነበረበት፤ በግማሽ ጉልበቱ ነው የሚሠራው» አለኝ። የኃይል ቁጠባ ምርጫ እንዳይሆን መጀመሪያ እሱን አጣራ፤ አልነበረም። ከዚያ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፈተ። 100 ዲግሪ ሊሞላ ነው። ፕሮሰሰር እንዲህ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ ደህና የሚሠራውና ሲሞቅ የሚዝለው።

ኬዙን የከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ማዘርቦርድ ሲቀየር የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ተነቅሎ እንደገና ይገጠማል። የእኔው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ተጭኖ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ወጣቱ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከታች እንዳይ አደረገኝ፤ ሦስቱ እግሮች በማዘርቦርዱ ቀዳዳ አልፈው ተቆልፈዋል፣ አራተኛው ግን ከቀዳዳው በላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ ጥጉ የማቀዝቀዣው ብረት ፕሮሰሰሩን በደንብ አይነካም ማለት ነው። ሲነቅለው ደግሞ ሙቀቱን ወደ ብረቱ እንዲያስተላልፍ በመሃላቸው የሚቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰንጥቋል። የቀድሞው ጠጋኝ አሮጌውን ሳይጠርግ በላዩ ገጥሞታል።

እጁ የሚታይ እጅ ነው። አሮጌውን ፔስት በአልኮል በነከረው ጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ፤ ብረቱ ፊት እስኪያሳይ ድረስ። አዲሱን ከስንዴ ፍሬ እምብዛም በማይበልጥ መጠን መሃል ላይ ብቻ አደረገ፤ ሲበዛ ጥቅም የለውም አለኝ። በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ በንፋስ ሲያስወጣ ፋኑን በጣቱ ይዞ ነበር፤ በንፋሱ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር። ከዚያ አራቱን እግሮች በሰያፍ፣ አንዱን ከአንዱ ትይዩ እያፈራረቀ ተጫናቸው፤ እያንዳንዱ ሲቆለፍ ድምፁ ተሰማኝ።

ስለ ከተማችን አየር የነገረኝ ደግሞ ለሁላችንም ይጠቅማል። ማቀዝቀዣ ሙቀቱን የሚያወጣው ወደ ክፍሉ አየር ነው፤ ክፍሉ በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ወደ አሥር ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ እንዴት እንደምትነድ የሚያውቅ ሰው፣ ደጋ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ጉድለት እዚህ ለምን ሥራ እንደሚያስፈታ ይገባዋል። አሸዋማው አቧራችን ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። ኬዙን ከወለል ላይ አንስቼ ጠረጴዛ ላይ ያኖርሁት በእሱ ምክር ነው።

ሙቀቱ ወደ 60ዎቹ ወረደ፤ ፍጥነቱም ከ3.2 በላይ ሆኖ ጸና። እዚህ ላይ ገንዘቡን ተቀብሎ ቢያሰናብተኝ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። እሱ ግን ስለ ፋይል መገልበጡ የነገርሁትን አልረሳም። አንድ ትልቅ ፋይል ገለበጠ፤ መስኮቱ እንደገና ደረቀ። የኤስኤስዲውን ጤንነት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ በኬብሉ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶች የሚቆጠሩበትን ረድፍ አሳየኝ፤ በገለበጠ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። «ኤስኤስዲው ጤነኛ ነው፤ መንገዱ ነው የተበላሸው» አለ። አዲስ ዕቃ ሲገባ ኤስኤስዲውን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው አሮጌው የሳታ ኬብል እንዳለ ቀርቶ ኖሯል፤ መታጠፊያው ላይ ተጎድቷል። ኬብሉን ለወጠና ያንኑ ፋይል ገለበጠ፤ ቁጥሩ ባለበት ቆመ። ወደ ዜሮ እንደማይመለስ፣ ከዚያ በኋላ አለመጨመሩ ብቻ እንደሚበቃም አስረዳኝ።

ራሙን አየና ደህና ነው ብሎ አለፈ። ለጉልበቱ 800 ብር፣ ለኬብሉ 200 ብር ጠየቀኝ። ሌላው ቦታ አዲስ ኮምፒውተር ግዢ ለተባልሁበት ችግር ነው ይህ። የነቀለውን ኬብል በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ፤ ማንኛውም ጠጋኝ ይህን ልማዱ ቢያደርገው ደንበኛ ምን ያህል እንደሚተማመን እኔ ምስክር ነኝ።

ሳይሸፋፍን የነገረኝ አንድ ነገርም አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ካጸደቃቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ደግሞ የእኔው የለም። «ለጽሕፈት ያገልግልዎ፤ የባንክ ጉዳይዎን ግን በዚህ አይክፈቱ» አለኝ። ሊሸጥልኝ የሚችል ኮምፒውተር መደርደሪያው ላይ እያለ እንዲህ ማለቱን አከብራለሁ።

የማይመቹኝ ነገሮች አሉ። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ወጪውን ለመሥሪያ ቤት የሚያስመዘግብ ሰው ይቸገራል፤ መስተካከል ያለበት ጉዳይ ነው። ስልክ ቢደወልለት ሥራ ላይ ከሆነ አያነሳም። መቀመጫ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ከቀደማችሁ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ቀትር ላይ እንደ አብዛኛው የድሬ ሱቅ ይዘጋል፤ አሥር ሰዓት ገደማ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። የሚሻለው ጠዋት ነው። የኃይል ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ማሽን ላይ ተሰክቷል።