ጃቭሊን፣ ኤንሎው ወይስ ስፓይክ?

ፀረ-ታንክ ሚሳይል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይርቃል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ወታደሩ ታንኩን የሚያየው ከስንት ሜትር ነው?» ብዬ እጀምራለሁ። ከተማና ጫካ ውስጥ 500 ሜትር አሻግሮ ማየት ራሱ ዕድል ነው። እዚያ 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚሳይል መሸከም ትርፉ ድካም ነው።

ለእንዲህ ያለ ቦታ ምርጫዬ ኤንሎው ነው። የብሪታኒያና የስዊድን ሥራ ነው። 12.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ከ20 እስከ 800 ሜትር ይመታል፣ አንዴ ከተተኮሰ ቱቦው ይጣላል። ተኳሹ የሚጓዘውን ታንክ ለጥቂት ሰከንድ በማነጣጠሪያው ይከተለዋል። መሣሪያው ታንኩ የት እንደሚደርስ አስልቶ ሚሳይሉን ወደዚያ ይልካል። ሚሳይሉ ከላይ ሲያልፍ ስሱን ጣሪያ ቁልቁል ይመታል። ጣጣው ወዲህ ነው፦ ከወጣ በኋላ ዒላማውን የሚከተልበት ዓይን የለውም። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ከያዘ ሚሳይሉ ባዶ ቦታ ላይ ሊያልፍ ይችላል።

ጃቭሊን ዓይን አለው። ታንኩን በሙቀቱ ለይቶ ራሱ ያሳድደዋል፤ ተኳሹ ተኩሶ ዞር ይላል። ነገር ግን ከነማነጣጠሪያው 22 ኪሎ ገደማ ነው። የሚሳይሉን ዓይን የሚያቀዘቅዘው ባትሪም ከተነሳ በኋላ የሚቆየው 4 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቸኮለ ምልምል ታንኩ ብቅ ሳይል ይጨርሰዋል። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም፤ አንዱ ሚሳይል ለአሜሪካ ጦር እንኳ ወደ 200 ሺህ ዶላር ያወጣል። ለየጓዱ የሚታደል ዕቃ አይደለም።

የእስራኤሉ ስፓይክ ኤልአር 2 ከመሬት ሲተኮስ 5.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንደ ጃቭሊን ተኩሶ መሄድ ይቻላል። ሲፈለግ ግን ሚሳይሉ ከኋላው በሚፈታው ቀጭን የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ምስል ይልካል። ታንኩ አጠገብ የሲቪል መኪና ብቅ ካለ ተኳሹ ሚሳይሉን አየር ላይ ሳለ ማዞር ይችላል። ለእኔ ይህ ከርቀቱ ይበልጣል። እርግጥ እንዲህ የሚመራው ከሆነ ሚሳይሉ እስኪመታ ድረስ ከስክሪኑ ፊት ንቅንቅ የለም።

ሜዳ ለሜዳ ለሚዋጋ ጦር ጥቂት ስፓይክ ወይም ጃቭሊን፣ ለእግረኛው ደግሞ በርከት ያለ ኤንሎው ቢገዛ ይሻላል ባይ ነኝ። ውሉ ላይ የማነጣጠሪያውና የማሠልጠኛ ሲሙሌተሩ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። የሻጩ አገር መንግሥት ፈቃድም አስቀድሞ ይታይ፤ ያለ እሱ ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። ሚሳይል መጋዘን ውስጥም ያረጃል። ሁሉንም በአንድ ዓመት የገዛ፣ ሁሉም በአንድ ዓመት ያረጅበታል።