ለገጣፎ ያለው ሻንጣ መጠቅለያ ቤት፦ ፍተሻው ጎበዝ፣ ባትሪ ላይ ደካማ

ለገጣፎ መንገድ ዳር ሻንጣ መዝነው በፕላስቲክ ከሚጠቀልሉት ቤቶች ይህ አንዱ ከሌሎቹ የሚለየው ከመጠቅለሉ በፊት ሻንጣውን ባዶ ስለሚያደርገው ነው። ቦሌ ፍተሻ ላይ ሰውን የሚያስደነግጠው አውቆ የያዘው ዕቃ ሳይሆን ተረስቶ የቀረው ነውና፣ ዋጋ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ሥራው ነው።

ሠራተኛው ሻንጣውን ገልብጦ ያራግፋል፤ ቀጥሎ የገበሩን ዚፕ ከፍቶ እጁን እስከ ጎማው ድረስ እየሰደደ ይዳብሳል። በተለይ የውሰት ሻንጣ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምላጭ፣ ሰንጢና ላይተር የሚደበቁት በገበሩና በእጀታው ብረት መሀል ነው። የካፖርት ኪስ ለብቻው ይታያል። ከገጠር በመጣ ካፖርት ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት ዕቃውን ጥሎ በማለፍ የማያልቅ ጣጣ ታመጣለች።

በጣም የወደድነው የአደራ ዕቃ አያያዙን ነው። በፕላስተር ደህና አድርጎ የታሸገ የበርበሬ ጥቅልም ቢሆን ይፈታል፣ በሚያሳይ ፌስታል እንደገና ይታሸጋል። ላኪዋ ቅር ሲላቸው ሠራተኛው «እማማ፣ እኔ ካልከፈትኩት እዚያ ይከፍቱታል» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ተጓዡ በስሙ ባስመዘገበው ሻንጣ ውስጥ ለተገኘ ነገር ተጠያቂው ራሱ ነው።

ማርና ቅቤ ላይም ሥራውን ያውቃል። በእጅ ሻንጣ ፈሳሽም ሆነ እንደ ቅቤ ያለ ለስላሳ ነገር የሚፈቀደው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ የሚቆጠረው የዕቃው መያዣ እንጂ ውስጡ ያለው አይደለም፤ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ ሥር የቀረ ጥቂት ማርም አያልፍም። ስለዚህ ወደሚጫነው ሻንጣ ያዛውረዋል፣ ያውም ከላይ። ማርና ቅቤ ኤክስሬይ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ሆነው ስለሚታዩ ፈታሹ ሊያስከፍታቸው ይችላል፤ ከላይ ከሆኑ ልብሱ ሁሉ አይበተንም። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስከትላል፤ ሽሮና በርበሬም በሚጫነው ሻንጣ ቢሆኑ ይሻላል።

ለቡና ብሎ ዕጣንና ከሰል አብሮ የሚይዝ ብዙ ነው። ዕጣኑን ይተዋል፣ ከሰሉን ያወጣል፤ ከሰል በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል በእጅም በጭነትም ክልክል ነው።

ድክመቱ ባትሪ ላይ ነው። ፓወር ባንክ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ልብስ መሀል ካገኘውም መልሶ ወደሚጫነው ሻንጣ ይከተዋል። ይህ ከባድ ስህተት ነው። የፓወር ባንክ ሊቲየም ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀጣጠል የበረራ ሠራተኛ ሊደርስበት ስለማይችል ቦታው የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር አወር በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል። 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር ይሆንና ያለ ጥያቄ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ስለሚሆን ከ100 በላይ ነው፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ ጭራሽ አይቻልም። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ፈታሹ ሊያረጋግጠው ስለማይችል ቤት መተው ይሻላል።

አረቄም ላይ ይለሳለሳል። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይጫናል፣ ነገር ግን በፋብሪካ እሽጉ እንዳለ ነው። በሃይላንድ ተሞልቶ የመጣውን የቤት አረቄ ግን ዝም ብሎ ይጠቀልለዋል።

መጠቅለሉ ራሱ ከጭረትና ከዚፕ መከፈት ያድናል እንጂ ከፍተሻ አያድንም፤ ከተጠረጠረ ፕላስቲኩ ይቀደዳል። ለዚህ ቤት ገንዘብ የሚከፈለው ለፍተሻው ነው ብንል ይቀላል።

መሄድ ያለበት በበረራው ዋዜማ ነው። ቦሌ የመጀመሪያው ፍተሻ ተርሚናሉ በር ላይ ሲሆን ሸኚ ውጭ ይቀራል፤ ውስጥ የተገኘውን ሰንጢ የሚቀበል ዘመድ የለም። ለገጣፎ ላይ የወጣው ግን በዚያው ቀን ከቤተሰብ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።